የባከነውን ትምህርት ለመመለስ የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይጀምር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት በሚገለጥበት ሰሞን በየቤቱ ኀዘን፣ በየአደባባዩም ወቀሳ ይሰማል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ብናስታውስ፣ ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም።

ወቀሳው በአብዛኛው የሚያርፈው በወጣቶቹ ላይ ነው። ስልክ አዘናጋቸው፣ ኩረጃ ለመዱ፣ ሰነፉ ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት የለም አንልም። ነገር ግን በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ልጆች በአንድነት ሲወድቁ ምክንያቱን በልጆቹ ስንፍና ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አንድ ተማሪ ቢወድቅ ተማሪው ይጠየቃል፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቢወድቅ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳስባችሁ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የባከነውን ትምህርት ለመመለስ ከመንግሥት በጀትም ሆነ ከሕዝብ መዋጮ የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ መድረስ ያለበት ገና ማንበብ ለሚለምዱት ለታችኛው ክፍል ልጆች መሆኑን ነው።

ውድቀቱ የጀመረበት ዓመት

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። ልጆቹ የተመዘኑት በባዕድ ቋንቋ ሳይሆን በየራሳቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ የሆነው ከወረርሽኙም ሆነ ካለፉት ዓመታት ጦርነት በፊት፣ ትምህርት ቤቶች ክፍት በነበሩበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ 2ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑትን በሁለት ዓመት ብቻ ይቀድማሉ። እንግዲህ በ12ኛ ክፍል ያየነው ውድቀት ድንገተኛ አልነበረም ማለት ነው፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር የኖረ ነው።

በዚህ በቆየ ጕድለት ላይ ሌላ ተጨመረበት። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዳግመኛ መከፈት የጀመሩትም ከሰባት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ወር መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያ ብዙ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ደጀ ትምህርት ሳይረግጡ ቆዩ። ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ክልሎችም በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ ወንበርና መጽሐፍ ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነግሯል። በ2017 ዓ.ም. ለፈተና የቀረቡት ተማሪዎች ወረርሽኙ ሲመጣ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች እንደ ነበሩ ልብ በሉ።

የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ይህን ቍጥር በችኰላ አንለፈው። በሰፈራችን ካሉት ዐሥር ልጆች ዘጠኙ ማለት ነው።

የባከነ ትምህርት እንደ ጠፋ ዕቃ አይደለም። የጠፋ ዕቃ በጠፋበት መጠን ይቀራል፤ የባከነ ትምህርት ግን እያደገ ይሄዳል። በ2ኛ ክፍል ፊደል ያልለየ ልጅ በ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንሱን ማንበብ አይችልም፤ የሒሳብ ጥያቄው በቃላት ሲቀርብለት ሒሳቡ ሳይሆን ንባቡ ይጥለዋል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። በአፉ የፈታበትን ቋንቋ በወጉ ያላነበበ ልጅ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፊዚክስ እንዴት ይገባዋል? መምህሩም ቢሆን ከስድሳና ከሰባ ተማሪ ጋር የተመደበለትን ምዕራፍ ለመጨረስ ይሮጣል እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀረውን ልጅ የሚይዝበት ጊዜ የለውም። ልጁ ግን ሳይችል ይዘዋወራል፤ ሳይገባው ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ሰነፍ ይባላል።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ለትምህርት ከሕዝብ ግምጃ ቤት ብዙ ገንዘብ እንደሚወጣ የታወቀ ነው። ወረዳዎች ለትምህርት ከሚመድቡት በጀት የሚበዛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ደመወዙ እንዲያውም ለኑሮ የሚበቃ አይደለም። ከደመወዝ የተረፈው ጥቂት ነው። በተማሪ ቍጥር እየተሰላ ለትምህርት ቤቶች የሚላክ ድጎማ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በዓይነትና በጕልበት ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ሲጠየቅ ቆይቷል፤ ብዙዎቻችሁም አዋጥታችኋል።

የተማሪውን የዕውቀት ጕድለት በቀጥታ ለመሙላት በስፋት የተከፈተው መርሐ ግብር ግን የሚገኘው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ካላመጡት መካከል የተመረጡ ተማሪዎች ሪሚዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ለጥቂት ወራት ይማራሉ። ይህ መርሐ ግብር የብዙ ወጣቶችን ተስፋ ያለመለመ ስለሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን አስቡት፤ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተከማቸ ጕድለት በጥቂት ወራት እንዲሞላ ይጠበቃል፤ ለአንዱ ወጣትም ማደሪያ፣ ምግብና መምህር መቅረብ አለበት። ይህ ወጣት በ2ኛ ክፍል ሳለ በቀን ግማሽ ሰዓት አብሮት ተቀምጦ የሚያስነብበው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ወጪው ምን ያህል ይቀል ነበር! አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ወደ ሪሚዲያል የሚደርሱት እስከ 12ኛ ክፍል የጸኑት ናቸው። ማንበብ አቅቷቸው በ4ኛና በ5ኛ ክፍል ያቋረጡት፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ሊስትሮ ሥራ፣ ወደ ሰው ቤት ወይም ወደ ስደት የሄዱት በዚህ ገንዘብ አይታሰቡም።

ገንዘብ ስለበዛ ብቻ ትምህርት እንደማይመለስ የሌላው አገር ልምድ ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በወጣው ሕግ ለትምህርት ቤቶች 122 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተመድቦ ነበር። ሕጉ የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደሮች ከሚደርሳቸው ቢያንስ 20 በመቶውን በወረርሽኙ ጊዜ ለባከነው ትምህርት እንዲያውሉት አዘዘ፤ የቀረውን ግን በሰፊው ለየራሳቸው ውሳኔ ተወላቸው። እነርሱም ለሕንፃ ጥገና፣ ለአየር ማናፈሻ፣ ለሠራተኛ ቅጥር፣ ለመሣሪያ ግዢ እንደየፍላጎታቸው አዋሉት። ገንዘቡን የማዋያው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አለቀ። በዚያው ዓመት ጥናታቸውን ያወጡ ምሁራን ገንዘቡ በተለይ ለድሆች ልጆች እንደ ጠቀመ አረጋገጡ፤ ጥቅሙ ግን ከወጪው አንጻር መጠነኛ ነበር። በዚያ አገር ልጆች የምታሳድጉ ወገኖቻችን ይህ በደጃችሁ የተፈጸመ ነገር ነው፤ የልጃችሁ የንባብና የሒሳብ ደረጃ በመንግሥቱ ፈተና ምን ላይ እንዳለ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ካለም እንዴት እንደሚገኝ ጠይቁ።

የትኛው መንገድ እንደሚበልጥስ? በብዙ ጥናት የተመሰከረላቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ጥቂት ልጆችን አንድ አስተማሪ ይዞ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት ውስጥ፣ ሳይለዋወጥ ማስጠናት ነው። ሁለተኛው ፕራታም የተባለው የሕንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ያስፋፋው ነው። በዚህ መንገድ ልጆች በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በችሎታቸው ይመደባሉ፤ ፊደል ያልለየ የ5ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ከሚለምዱት ጋር፣ ቃል የሚያነብ ቃል ከሚያነቡት ጋር ይቀመጣል፤ ሲችል ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። ይህንኑ መንገድ የዛምቢያ መንግሥት ወስዶ በራሱ ትምህርት ቤቶች ሠርቶበታል። ሁለቱም ውድ ሕንፃና ረቂቅ መሣሪያ አይሹም፤ የሚሹት ጊዜ፣ የሠለጠነ ሰውና የሚነበብ መጽሐፍ ነው።

ይህን የምናውቀው ነው

ውድ አንባብያን፣ ይህን ስታነቡ አንድ ነገር ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። በአብነት ትምህርት ቤታችን የኔታ ተማሪዎቻቸውን በዕድሜ አይመድቡም። ልጁ ፊደል ይቈጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ ከዚያ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ ዳዊት ይደግማል። አንዱን ሳያውቅ ወደ ሌላው አይሻገርም። የኔታ እያንዳንዱን በየተራ ያስነብባሉ፤ ሲሳሳት ያርማሉ፤ የበሰለውም ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ ራሱም ይበረታል። ዛሬ ምሁራን በብዙ ጥናት የደረሱበት ነገር፣ ማለትም ልጁን ካለበት መነሣት፣ በየቀኑ መስማትና ሳይችል አለማሳለፍ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ጥላ ሥር ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነው።

ይህን የምንለው ለመመካት አይደለም። የአብነቱ ትምህርት የራሱ ችግር አለበት። የቃል ጥናት በሚበዛበት ደረጃ ልጁ ትርጓሜውን ሳያውቅ ብዙ ሊያነበንብ ይችላል፤ የቈሎ ተማሪው ረኀብና እርዛትም ልንኰራበት ሳይሆን ልናስቀረው የሚገባ ነው። ደግሞም ብዙ ሺህ ተማሪ የሚይዘውን የዘመኑን ትምህርት ቤት ወደ የኔታ ጎጆ መመለስ አይቻልም። መውሰድ የሚገባን አንዱን ጥበብ ነው፤ በመምህሩና በልጁ መካከል በየቀኑ የሚሆነውን መስማትና ማረም። የሕዝብ ገንዘብም ይህን ሊገዛ ይገባዋል።

ለሚነሡ ጥያቄዎች

አንዳንዶቻችሁ «ጣሪያው የተነደለ፣ ዳስ ውስጥ የሚማር ልጅ እያለ ስለ ንባብ ማጠናከሪያ ማውራት ምን ይረባል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጦርነት የፈረሰ ትምህርት ቤት መሠራት አለበት፤ የተራበም ልጅ አይማርም፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከከተማው በጀት የሚሰጠው ምገባም ለብዙ እናቶች እፎይታ ሆኗል። ሰላም ከሌለ ደግሞ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ልጆችን ወደ ትምህርት ገበታ የሚመልሳቸው ቀዳሚው ነገር የጠመንጃ ዝምታ ነው። ነገር ግን ሕንፃው ሲያልቅ ልጁ ካቆመበት ክፍል እንዲቀጥል ብቻ ከተደረገ ያጣው ሦስት ዓመት ተመልሶ አይመጣም። በ1ኛ ክፍል የተቋረጠ ልጅ በዕድሜው ምክንያት 4ኛ ክፍል ቢገባ አዲሱ ግድግዳ ማንበብ አያስተምረውም። ስለዚህ ለግንባታ በጀት ሲያዝ ለማካካሻ ትምህርት፣ ለንባብ መጻሕፍትና ትርፍ ሰዓት ለሚያስተምሩት መምህራን አበል የሚሆነው ድርሻም አብሮ መያዝ አለበት። መምህሩን በባዶ ሆዱ «ትርፍ ሰዓት አስተምር» ማለት ግፍ ነው፤ ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ወንጌል አስተምሮናል።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤትን ምን አገባው?» ይላሉ። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ አስታውሱ። እርሱ የንግሥት ህንደኬ የግምጃ ቤቷ ሹም ነበር፤ ሠረገላ ነበረው፤ ብዙዎች የማያገኙት መጽሐፍም በእጁ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚያነበውን የሚያስረዳው ሰው። ፊልጶስም ከሩቅ ሆኖ አላስተማረውም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ገንዘብና መጽሐፍ በሞላበት ስፍራ እንኳ አጠገብ የሚቀመጥ መምህር ካልተገኘ ማስተዋል እንደማይገኝ ከዚህ እንማራለን። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ነገ ጸሎቱንም፣ ገድሉንም፣ ወንጌሉንም በሌላ ሰው አንደበት ብቻ የሚሰማ ይሆናል። ነገሩ እንዴት አያገባንም?

ምን እናድርግ?

የሕዝብ ገንዘብ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ሰጪውም ተቀባዩም ሊጠይቁበት ይገባል። ልጆች ያላችሁ ሁሉ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ፤ መዋጮ ከፍላችሁም ዝም አትበሉ። ሦስት ነገር በትሕትናና በጽናት ጠይቁ። አንደኛ፣ በዚህ ትምህርት ቤት ካሉት የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ ገጽ አንብበው የሚረዱት ስንት ናቸው? ሁለተኛ፣ ከድጎማውና ከመዋጮው ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለንባብ መጻሕፍት የሚውለው ስንት ነው? ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች በየሳምንቱ የሚያስተምራቸው ማን ነው? አበሉስ ይከፈለዋል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሌለ የሁለተኛው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አይቻልም፤ ያልተለካ ጕድለት አይሞላምና። ጥያቄያችሁ መምህራኑን ለመክሰስ እንዳይመስል ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ከእናንተ ይልቅ ያዘኑ ናቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ሆይ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። በክረምት ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችሁ አሉ፤ አዳራሽም አላችሁ፤ አዳራሹም ከሰኞ እስከ ዓርብ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። በአጥቢያችሁ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ፣ በንባብ የቀሩትን ልጆች በአምስት በአምስት ከፍላችሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አስነብቧቸው። እነዚያው አስነባቢዎች ለእነዚያው ልጆች ይቆዩ፤ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ አስተማሪ ልጁን አያውቀውም። ለዚህ ሥራ ከሕዝብ በጀት ለራሳችሁ አትሹ፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ ይዋል፤ እናንተ ጕልበታችሁንና አዳራሹን ስጡ። ልጆቹንም በሃይማኖታቸው አትለዩ። የሙስሊሙም፣ የፕሮቴስታንቱም ልጅ ጎረቤታችሁ ነው፤ ግብሩን የከፈለው አባቱ ነው፤ ለንባብ በተጠራበት ሰዓትም ንባብ ብቻ ይማር። መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘውን የረዳው ደጉ ሳምራዊ ስለ ሃይማኖቱ አልጠየቀውም።

በቤታችሁ ያለውም ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ማታ የ3ኛ ወይም የ4ኛ ክፍል ልጃችሁን አንድ ገጽ ጮኽ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ ከዚያም ያነበበውን በራሱ ቃል ይንገራችሁ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ነጥብ ያልነገራችሁን ይህ ይነግራችኋል። ቢያቅተው አትቈጡት፤ ጕድለቱ ገና በሚሞላበት ዕድሜ ላይ ሳለ አውቃችኋልና እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ በማግስቱም መምህሩን ጠይቁ። ማንበብ የማትችሉ ወላጆችም ብትሆኑ ልጃችሁ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጣችሁ መስማታችሁ ያበረታዋል።

በእጁ የተሰጠውን መክሊት የቀበረው አገልጋይ አልሰረቀም፤ አላባከነምም፤ የተወቀሰው የተሰጠውን ሊያፈራ በሚችልበት ስፍራ ስላላኖረው ነው። ለትምህርት ተብሎ ከድሃው ገበሬና ከቀን ሠራተኛው የተሰበሰበው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ሰነዱ የተስተካከለ፣ ደረሰኙ የተሟላ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ፊደል ያልለየችውን የ2ኛ ክፍል ልጅ ካላስነበበ ተቀብሯል። አምላከ ቅዱሳን ለአገራችን ሰላምን፣ ለሕፃናቶቻችን ማስተዋልን፣ አደራ ለተቀበሉት ሁሉ ታማኝነትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።
ወለወላዲቱ ድንግል።
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።